የመሪጌታው ልጅና «ቋ» የሚለው ድምፅ

ዜማውን ትቶ የዜማውን ጥራት ብቻ የሚሰማ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው እዚሁ ወረታ ጎረቤቴ ነው። ደሳለኝ ይባላል። ኮምፒውተሩ ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ድምፅ አጥርቶ ለጆሮ ማዳመጫ የሚሰጥ ትንሽ ሣጥን ከገዛ ወዲህ፣ ሰላም ስትሉት እንኳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንከን ይፈልግባችኋል።

አባቱ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ናቸው። ማኅሌት ቆመው ሲያዜሙ በከፍተኛ ጥራት ቀዳቸው። ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ግን በየመሃሉ «ቋ» የሚል ድምፅ ገባበት። ገመዱን ቀየረ፤ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞከረ፤ ጥራቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረገ፤ የሣጥኑን ሶፍትዌር አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ። አሁንም ቋ ይላል። እኔ ዐዋቂው ደግሞ «የመብራቱ መዋዠቅ ይሆናል» ብዬ ሦስት ቀን አብሬው ተጎለትኩ።

በመጨረሻ መሪጌታ ለገበያ ወረታ መጡና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግንላቸው። ወዲያው ፈገግ አሉ።

«መቋሚያዬ ነው እኮ። ወለሉን ስመታው ነው።»

በዚያ ድምፅ ያደገ ልጅ ድምፁን አላወቀውም። ያፍራል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እሱ ግን ሣጥኑ ጤነኛ በመሆኑ ፊቱ በራ።

«ምንም አይደል አባባ፣ ቆርጬ አወጣዋለሁ። በሚቀጥለው ግን መቋሚያውን ይተዉት።»

መሪጌታ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አውልቀው ሰጡት።

«ታዲያ ምን ተደግፌ ልቁም፣ ልጄ?»

ደሳለኝ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ አባቱን ከመቋሚያቸው እያጠራ ነበር።