ቀለም አምጣልኝ ባልኩት

በዚህ ዓለም ከሌባ አብልጬ የምፈራው ሰው ቢኖር፣ ሳልጠይቀው ኑሮዬን የሚያሻሽልልኝ ሰው ነው። ሌባ ቢያንስ ሲይዙት ያፍራል። አሻሻይ ግን አያፍርም፤ ምስጋናውን እስኪቀበል በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እናንተም ታውቁታላችሁ። በእንግድነት መጥቶ የማድ ቤታችሁን ዕቃ «እንዲመቻችሁ» ብሎ የሚያዘዋውረው፣ ከዚያ ለአንድ ወር ጨው ስትፈልጉ በርበሬ የሚያስነሣችሁ ሰው ነው። ቅን ነው ይባልለታል። ቅንነቱ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ፤ ክፉ ቢሆንማ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

የእኔው ቅን ሰው ደረጀ ይባላል። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ያስተምራል። እኔ ደግሞ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ፣ ከመኪና መሳፈሪያው ፊት ለፊት፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ፣ ውልና የሠርግ ጥሪ እተይባለሁ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ናት፤ ስትከፈት ታቃስታለች፣ ስትዘጋ ታኮርፋለች፤ ግን ተግባብተን ኖረናል። የተየብኩትን ሁሉ የማስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። በየቢሮው ሂዱና እዩ፣ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በፋይል ቢሸፈንም የማን ጉዳይ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ፤ የእገሌ ፍቺ ከላይ በስተግራ፣ የእገሊት ይግባኝ ከቆሻሻ መጣያው ጎን።

ባለፈው ወር የፕሪንተሬ ቀለም አለቀና ለደረጀ ደወልኩለት። ቀለም አምጣልኝ አልኩት። ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ቅዳሜ ቀለሙን ይዞ መጣ። እኔ ለቅሶ ልደርስ ስወጣ፣ እንዲገጥምልኝ ብዬ የክፍሏን ቁልፍ ሰጠሁት። ስመለስ ኮምፒውተሬ የለችም። አካሏ አለ፤ ፊቷ ግን የሌላ ሰው ነው።

ታች የነበረው መስመር ወደ ላይ ወጥቷል። ሥራ የምጀምርበት ቁልፍ ጠፍቷል። ፋይሎቼ የሉም፤ በእነሱ ፋንታ የማላውቀው አገር ተራራ ፎቶ ተንጣሏል። ተራራ! መንዝ ተቀምጬ የተራራ ፎቶ ምን ያደርግልኛል?

«በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫንኩልሽ!» አለኝ ደረጀ፣ ፊቱ እያበራ። «ነፃ ነው። ገጽታውም እንደለመድሽው አይደለም፣ አዲስ ነው። ደግሞ በአማርኛ አድርጌልሻለሁ።»

«ፋይሎቼስ?»

«አስካልዬ፣ ዴስክቶፕ ላይ መከመር ድሮ ቀረ። ይኼ ገጽታ ዴስክቶፑን ባዶ ነው የሚያደርገው፤ ሥርዓት ያስይዝሻል። ሁሉንም ቦታ ቦታውን አስይዤልሻለሁ፣ አታስቢ።»

ደሜ ፈላ። ነፃ ነው ይለኛል፤ ማን ነፃ እንደወጣ እስካሁን አልገባኝም። አማርኛውማ ባይነሣ ይሻላል። ስከፍተው «ግባ» አለኝ፤ ስዘጋው «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ እኮ! የድሮው በእንግሊዝኛ ምን እንደሚለኝ ግማሹን ባላውቅም፣ አንተ ብሎ አልጠራኝም። እርግጥ ፈጣን ነው፣ አልክድም፤ ያ ሁሉ ማቃሰት ቀርቷል። ወዴት እንደምሄድ ካላወቅሁ ግን ፍጥነቱ ምን ይሠራልኛል? ይህን ሁሉ ለደረጀ ነገርኩት። «ትለምጂዋለሽ» ብሎኝ እኔው ቤት ራቱን በልቶ ተኛ፤ እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሄደ።

ሰኞ መምሬ ጥላዬ መጡ።

መምሬ ጥላዬ ሰማንያን ያለፉ ቄስ ናቸው። የጓሳን ደጋ ሳር እኛና ጎረቤት ቀበሌ ወሰን ለይተን ነው የምናጭደው፤ ወሰኑ በየት በየት እንደሚያልፍ ከቀደሙት ሽማግሌዎች ጋር በእግራቸው ዞረው ያዩት ሰው ቢኖር፣ ዛሬ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሦስት የገበያ ቀን እኔ ዘንድ እየተቀመጡ ሰባቱን የወሰን ምልክቶች አስጽፈውኛል። አንዱን ለማስታወስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ረጅም ሰዓት ይቆያሉ፤ እኔም እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። ሲጨርሱ «ሁለተኛ አይመጣልኝም ልጄ፤ ጠብቂልኝ» አሉኝ። ቀለም አልቆ ሳይታተም የቀረው ጽሑፍ ይህ ነው። በዚያው ሰኞ በስድስት ሰዓት ደግሞ ሁለቱ ቀበሌዎች ተሰብስበው ወሰኑን በቃለ ጉባኤ ሊያጸኑ ቀጠሮ ይዘዋል።

«አውጪልኝ እስቲ» አሉ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

ከየት ላውጣ? አንዱን ስነካ ተራራው ይሸሻል፣ ሌላውን ስነካ ሁሉም ነገር ትንንሽ ይሆናል። በመጨረሻ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ በጎኑ ትንንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል። የንዴት ዓይን ምን ያነባል? ትቼው ለደረጀ ደወልኩ።

«የመምሬን ጽሑፍ የት ነው ያደረግኸው?»

«ሁሉም ቤት ውስጥ ነው አስካልዬ። ቤት ክፈቺና...»

ኔትወርኩ ተቆረጠ። ብደውል፣ ብደጋግም፣ አይገባም።

ቤት! ፍላሽ ላይ ገልብጦ ያደረበት ክፍል ጥሎት ሄዷል ማለት ነው። «መምሬ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ፣ ደርሼ መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ዳገቱ ላይ ነው፤ ነጠላዬን አሸርጬ ሮጥኩ። ፍራሹን ገለበጥኩ፣ ሣጥኑን ዘረገፍኩ፣ የተሰቀለውን ልብስ ኪስ ሁሉ በረበርኩ፤ ምን አደረሰሽ አትበሉኝ እንጂ የገብስ ጎተራ ውስጥ ሳይቀር ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ፈለግሁ። ፍላሽ የሚባል ነገር የለም።

ስመለስ መምሬ ሄደዋል። «ሰዓቱ ደረሰ፣ በቃል እነግራቸዋለሁ» ብለው ወጡ አለችኝ ጎረቤቴ። ቀበሌ ስደርስ መምሬ በሰው መካከል ቆመው በጣታቸው ይቆጥራሉ። ስድስተኛው ምልክት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው እንደቆመ ቀረ። ግንባራቸውን አሹት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ላስታውስ ተጨነቅሁ፤ የተየብኩት እኮ እኔው ነኝ! የተያቢ እጁ ይጽፋል እንጂ ልቡ የት ይሰማል።

«በቃ መምሬ፣ አይድከሙብን፤ ስድስቱ ይበቃል» አሉ የጎረቤት ቀበሌው ሽማግሌ፣ በትሕትና። ስድስቱ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት።

መምሬን ደግፌ ወደ ክፍሌ መለስኳቸው። ገና ሳይቀመጡ ስልኬ ጮኸ። ደረጀ ነው።

«አገኘሽው?»

«ቤቴን ስንት ጊዜ ገለባበጥኩት፣ ምንም የለም!»

ሳቀ። ሳቀ እኮ! «የምን ቤትሽ? ኮምፒውተሩ ላይ ቤት የሚል አለ፣ የጎጆ ሥዕል ያለበት። ፋይል የሚቀመጥበት በአማርኛው ቤት ነው የሚባለው።»

ጆሮዬ ላይ እየሳቀ ከፈትኩት። የመምሬ ጽሑፍ ከነሙሉ አካሉ ቁጭ ብሏል። ሰባተኛው ምልክት ከታችኛው ጨፌ ራስ ያለው ረጅሙ የጅብራ ተክል ነው። እሱ ሲጎድል ወሰኑ ከስድስተኛው ቀጥ ብሎ ወንዝ ይወርዳልና ጨፌው ከነሳሩ ወዲያ ማዶ ለእነሱ ይቀራል። ረጅሙ፣ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሳር ያለው እዚያ ነው። ለደረጀ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም፤ የአክስቴን ነፍስ ይማር፣ ልጇ ነውና እሷንም ነካክቻታለሁ።

ስልኩን ስዘጋ መምሬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ጎጆዋን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይህችንማ አንቺ ከሄድሽ በኋላ አይቻታለሁ። ቤት የሚለውንም አንብቤዋለሁ» አሉ።

«ታዲያ ምነው መምሬ፣ ጎረቤቴን ጠርተው አያስከፍቷትም ነበር?» አልኩ።

መምሬ ነገሩ ገርሟቸው አዩኝ።

«ባለቤቲቱ በሌለችበት የሰው ቤት ይከፈታል እንዴ ልጄ?»