«ገባኝ» የማይባልበት ሰፈር

ሰፈር ሁሉ አንድ ነገረኛ፣ አንድ አዋቂ ነኝ ባይና አንድ የሰው ጊዜ በሊታ ይደርሰዋል። አሰላ ውስጥ ልብስ የምትሸጠው ሩዋይዳ ግን ሦስቱም በአንድ ሰው ተጠቃለው ነው የደረሷት፤ በክቡርነታቸው በጡረተኛው መምህር፣ በጋሼ ኢዶሳ።

እሳቸው ፊት «ገባኝ» ብሎ በሰላም የሄደ ሰው የለም። ምን ገባህ? የት ገባ? ብለው ያፋጥጡታል። ከዚያ ትምህርቱ ነው። አማርኛው ከቤት መግባት የመጣ ነው፤ ኦሮምኛውም «ናፍ ገሌ» ሲል ያው ነው፤ ከብቱም ማታ ወደ በረቱ ሲመለስ ገሌ ነው የሚባለው። ይህ ሁሉ ሲተነተን የሩዋይዳ ደንበኛ የያዘውን ሸሚዝ ጥሎ ይሄዳል። በጎረቤታቸው በናኢማ ኒካህ ላይ እንኳ ሙሽራው በትህትና «ተረድቻለሁ» ቢል፣ መረዳትና መርዶ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብለው ቤቱን ጸጥ አሰኙት። ኧረ በሙሽራ ፊት መርዶ ይነሳል?

ታዲያ ከወንድሟ ሊያስታርቋት የተነሱ ሽማግሌዎች እኚህኑ ሰው ይዘውባት ሲመጡ ሩዋይዳ ደሟ ፈላ። ወንድሟ ከዲሮ፣ እናታቸው አልጋ ላይ ስትማቅቅ ከሚኖርበት ከኦጎልቾ ብቅ አላለም፤ የደረሰው ለቀብር ነው። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈዋል። የቀራት የሥጋ ዘመድ ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ዛሬ ካልታረቁ ዳግም የሚሞክርላቸው የለም።

እሷ የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው። ከዲሮ አንገቱን ደፍቶ «ገባኝ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተገላገልን ብለው ሊያሳስሟቸው ሲነሱ ጋሼ ኢዶሳ ከዘራቸውን አነሱ።

«ምን ገባህ?»

ሩዋይዳ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ስንት ተለምኖ የመጣ ወንድሟን እኚህ ሰውዬ ሊያባርሩባት ነው።

«የነገረችህን አንተ መልሰህ ንገራት» አሉት።

ከዲሮ መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ ተንተባተበ። እናቱ ስሙን በጠራች ቁጥር እህቱ «መንገድ ላይ ነው» እያለች ስትዋሻት መክረሟን መናገር ጀመረና መጨረስ አቃተው። ሩዋይዳም ማልቀስ ጀመረች። ማንም ሳያሳስማቸው ተቃቀፉ።

ጋሼ ኢዶሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊወጡ ሲሉ ሩዋይዳ ቀድማ በሩ ላይ ቆመችባቸው። ንዴቷ አልበረደም፤ እንባዋም አልደረቀም።

«ደግሞ የት ሊሄዱ ነው ጋሼ?» አለቻቸው። «‹ይቅርታ› ከየት እንደመጣ ሳይነግሩን?»