አማቴና የሸራው ጣሪያ

ለንደን ውስጥ ጣሪያው የሚከፈት መኪና የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንግሊዛዊ ነው፤ ሌላው የታመመ ነው። እኔ እንግሊዛዊ አይደለሁም። ፓስፖርቴ «ነህ» ይለኛል፣ ሚስቴ ግን እስካሁን አልተቀበለችውም።

ለራሴ ጠበቃ ልሁንና አንድ ነገር ልናገር። ሥራዬ ምድር ለምድር በሚሄደው ባቡር ጣቢያ ነው። ጠዋት ደረጃውን እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። በብርዱ ወራት ስገባም ጨለማ ነው፣ ስወጣም ጨለማ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ሆሎዌይ መንገድ ላይ ቆሜ ሳለ ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የስፖርት መኪና በፊቴ አለፈ። ጣሪያው ወደ ኋላ ታጥፏል። ነጂው ነጭ ፀጉር ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ቀናሁ። በሰው ሚስት ቀንቼ የማላውቅ ሰው በሰው ጣሪያ ቀናሁ።

ዓመት ሳይሞላ የዚያኑ ዓይነት ገዛሁ። ዕድሜው እኔን በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ልለው ሁሉ ይዳዳኝ ነበር፤ ያሳየኝን ካየሁ በኋላ ግን አንተ አልኩት። ወለሉን ዝገት በልቶታል፤ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ብትዘረጉ አስፋልቱን ትነካላችሁ። በሩ ከተዘጋ አይከፈትም፣ ከተከፈተ አይዘጋም። የሸራ ጣሪያው ወንፊት ሆኗል። ከምንኖርበት የካውንስል፣ የማዘጋጃ ቤት ኪራይ፣ ሕንጻ ሥር ካሉት ጋራዦች አንዷን ተከራይቼ እዚያ አስገባሁትና በገዛ እጄ ማደስ ጀመርኩ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ባለቤቴ ሂሩት መጀመሪያ ያየችው ዕለት አንድ ጊዜ ዞረችውና፣ «ሌላው ግማሹ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች። ቀጥላም አስጠነቀቀችኝ።

«ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት። ትሞትብኛለች።»

እዚህ ላይ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። እማማ ጽጌ አዲስ አበባ ናቸው። የዛሬ አስር ዓመት ሽማግሌ አድርጌ የላክሁባቸው ጋሽ ታደሰን ነበር፤ እዚሁ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ያን ሰሞን ለዕረፍት አገር ቤት የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እማማ ጽጌ ስለ ዘሬም ስለ ትምህርቴም አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ቤት አለው ወይ?» ጋሽ ታደሰም «አለው» ብለው ማሉ። በዚያ መሐላ ሂሩት ተሰጠችኝ። የእማማ ልብ ግን አልረጋም። ሲጨነቁ ሹራብ የመሥራት ልማድ አላቸው፤ በሽምግልናው ሳምንት ሦስት ሹራብ እንደ ጨረሱ ሰምቻለሁ። እንግዲህ አስር ዓመት ሙሉ የምለፋው እኒህ ሴትዮ የሹራብ መርፌያቸውን አስቀምጠው «ልጄ ደህና ቦታ ገብታለች» እንዲሉ ነው።

ሊሉ ተቃርበው ነበር።

ከአማቴ ጋር በየእሑዱ እንደዋወላለን። ያን እሑድ ሂሩት ሥራ ገብታ ስለነበር ተራው የእኔ ሆነ። ቀኑ ፀሐይ ነው። እንዲህ ያለው ቀን ለንደን ውስጥ አይገኝምና ለምን ይባክናል ብዬ ከፊንስበሪ ፓርክ የገዛሁትን የስልክ ካርድ ፍቄ፣ ጋራዥ ውስጥ ሆኜ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ ደወልኩ። መዶሻዬንም አላስቀመጥኩም።

«ልጄ፣ ደህና ናችሁ? ምንድን ነው እሱ የሚንኳኳው?» አሉ እማማ ጽጌ።

አሁን ፍረዱኝ። እናትና ልጅ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰዓት ያወራሉ። ሂሩት አትንገራት ብትለኝም፣ በአራት ዓመት ወሬ መሃል አንድ ቀይ መኪና ሳያነሱ አይቀሩም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ በሙሉ ልብ መለስኩ።

«ጣሪያውን እያደስኩ ነው እማማ።»

«ጣሪያው ምን ሆነ?»

«አርጅቶ ያፈስ ነበር። አሁን ጭራሹን አንስቼዋለሁ።»

እዚያ ክረምት መሆኑን ረስቼዋለሁ፤ ዝናቡ የእሳቸውን ቆርቆሮ ሲደበድብ በስልኩ ይሰማኛል።

«እና... ያለ ጣሪያ ናችሁ?»

«ለጊዜው ነው። ደግሞ እዚህ በጋ ስለሆነ ያለ ጣሪያ ይሻላል። ነፋስ እንደልብ ይገባል።»

«መልሰህ በቆርቆሮ ነው የምትከድነው?»

«ኧረ ቆርቆሮ አያምርም። በሸራ ነው።»

«በሸራ» አሉ።

«አዎ፣ በጥቁር ሸራ። ሲጀመርም ሸራ ነበር እኮ።»

«ሲጀመርም...» አሉ እማማ ጽጌ፣ ድምፃቸው እየቀነሰ። «ሂሩት ይህን አይታ ምን አለች?»

«በመጀመሪያ ተናዳ ነበር። አሁን ለምዳዋለች። ጣሪያው እንኳ ቀላል ነው እማማ፤ ያስቸገረኝ ወለሉ ነው። ተበልቶ ተበልቶ ከታች መሬቱ ይታያል።»

«እኔ እኮ ለገና ልጠይቃችሁ አስቤ ነበር።»

«ይምጡ እንጂ! ሁለት ሰው ብቻ ስለሚይዝ ነው እንጂ... ግድ የለም፣ እኔና እርስዎ እንገባለን፤ ሂሩት አውቶቡስ ላይ ትሆናለች።»

«ልጄ... አውቶቡስ ላይ?»

«ምን ችግር አለው? ሲያዩን መንገደኛው ሁሉ ነው የሚቆመው። ፎቶ የሚያነሱንም ይኖራሉ።»

ይህን ጊዜ ካርዱ አለቀ። ደስ ብሎኝ ወደ መዶሻዬ ተመለስኩ። ከአማቴ ጋር እንዲህ ረጅም ጨዋታ ተጫውተን አናውቅም ነበር።

በማግስቱ እማማ ጽጌ ራሳቸው ለሂሩት ደወሉ። ይህ ራሱ ያልተለመደ ነው። ሂሩት በኋላ እንደነገረችኝ ንግግራቸው ይህን ይመስል ነበር።

«ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማዬ።»

«አትደብቂኝ።»

ሂሩት ደግሞ አራት ዓመት የደበቀችው መኪና አለባት።

«ምኑን?»

«ምንም አይደል። አልጋሽ እንዳለ ነው ልጄ። አንጥፌልሻለሁ።»

ሂሩት ስልኩን ዘግታ፣ «እማዬ ዛሬ ምን ነካት?» አለችኝ። እኔም እንጃ አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ታደሰ ከሰቨን ሲስተርስ በአውቶቡስ መጡ። እማማ ጽጌ ናቸው የላኳቸው። መሐላቸው ተበልቷልና ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ነው የተነሱት። የበራችንን ቁጥር ስለረሱ ከሕንጻው ሥር አበባ የምታጠጣውን እንግሊዛዊት ጎረቤታችንን ጠየቋት። ይቺ ሴት በክፋት አትታማም፤ ቀልድ ግን ትወዳለች።

«እሱ? እሱማ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚኖረው» አለቻቸው።

ጋሽ ታደሰ እዚህ አገር ሰላሳ ዓመት ኖረዋል። በሰላሳ ዓመት ውስጥ የእንግሊዝ ቀልድ አንድም ቀን ገብቷቸው አያውቅም።

አሁን ጋራዡን በእሳቸው ዓይን እዩልኝ። መሬቱ ብርድ ስለሆነ ከመኪናው ሥር የምተኛበት አሮጌ ፍራሽ አለ። ውኃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ አለ። አንድ ሲኒ፣ አንድ ሬዲዮ። የሞተሩን ሆድ ዕቃ የማይበት የመላጫ መስታወት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከላይ ደግሞ አዲሱ ጥቁር ሸራ፣ ገና ቅርጹን እንዲይዝ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሯል። እኔ ፍራሹ ላይ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። የሚታየው እግሬ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ተነስ። እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ተንፏቅቄ ወጣሁ። ፊቴ በዘይት ጠቁሯል። ጋሽ ታደሰ እኔን አዩ፣ ፍራሹን አዩ፣ ቀና ብለው ሸራውን አዩ። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሂሩትስ?»

«ሂሩት እንኳ እዚህ መግባት ከተወች ስድስት ወር ሆናት። ሽታው ራሷን ያማታል።»

«አልፈርድባትም» አሉ ጋሽ ታደሰ። የያዙትን ከረጢት ከፈቱ። ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጥቅል ወፍራም ፕላስቲክ አወጡና መኪናዬ ላይ አስቀመጡ። «ይሄ ከሸራው በላይ ይደረባል። ውኃ አያስገባም።»

ደግ ሰው ናቸው ብዬ አሰብኩ። መኪና እንደሚወዱም ያን ዕለት ያወቅሁ መሰለኝ።

«እንዴት አሰቡልኝ ጋሽ ታደሰ! ብርድ ልብሱ ግን ለምንድን ነው?»

«ልጄ፣ በእኔና በአንተ መሃል ማፈር የለም። አፕላይ አድርገህ ነበር? ካውንስሉ ምን አለህ?»

«ስለምኑ?»

«ስለ ቤት ነዋ።»

በዚህ መሃል ከላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት፣ «ምሳ ቀርቧል!» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ታደሰ ቀና አሉ።

«ማን ናት?»

«ሂሩት ናት።»

«እዚያ ከማን ጋር ነው የምትኖረው?»

«ከእኔ ጋር።»

ጋሽ ታደሰ ሸራውን አዩ። መስኮቱን አዩ። ብርድ ልብሳቸውን አንስተው ወደ ከረጢቱ መለሱ። «ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው እማማ ጽጌን ያልኳቸው አንድ በአንድ ጆሮዬ ላይ ተመለሰ። ያለ ጣሪያ ይሻላል ብያለሁ። ሲጀመርም ሸራ ነበር ብያለሁ። ልጃቸውን አውቶቡስ ላይ አሳድሬያታለሁ። ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። አስር ዓመት የለፋሁበት የእማማ ልብ በአንድ የስልክ ካርድ ሄዷል። አፈርኩ፤ ከልቤ አዘንኩም። እኒያ እናት ያን ሁሉ ሌሊት ዝናብ በሰሙ ቁጥር ልጃቸውን አስበዋል ማለት ነው።

ሂሩት ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ። ሦስተኛው ይብሳል።

ጋሽ ታደሰ ግን በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። አንዴ በመሐላቸው ተነክተዋል። ምሳቸውን አንድ ዓይናቸውን ኮርኒሱ ላይ አድርገው በሉ። ሲጨርሱ መጥረጊያ አስመጥተው በእንጨቱ ኮርኒሱን ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ከላይ ያለው ጎረቤታችን መልሶ በእግሩ ሦስት ጊዜ መታ። «በቂ ነው» አሉና ስልክ ጠየቁ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

«እማማ ጽጌ፣ ታደሰ ነኝ። ቼክ አድርጌአለሁ። ቤቱ ጣሪያ አለው። በጣሪያው ላይም ሰው ይኖራል።»

«ሸራውስ?»

«የመኪና ነው። ጣሪያው የሚከፈት መኪና አለው።»

ወዲያ ማዶ መርፌና መርፌ ሲነካካ ሰማሁ። ሹራብ ላይ ናቸው።

«ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል?» አሉ።

«ይዘጋል» አልኩ እኔ፣ ገና ባይዘጋም።

«እዚያ አገር ዝናብ ይበዛል?»

«ይበዛል እማማ።»

«ታዲያ ለምንህ ትከፍተዋለህ?»

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ የለም። ጋሽ ታደሰ አዩኝ። ሂሩት አየችኝ። ምድር ለምድር ስለምውልበት ሥራ፣ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ስላየኋቸው ሽማግሌ ልነግራቸው ፈለግሁ። አፌ ላይ የመጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሰማይ ለማየት ነው እማማ።»

መርፌዎቹ ቆሙ።

«አቶ ታደሰ፣ ቤቱ መስኮት የለውም ማለት ነው?»

«አለው። ቆጥሬአለሁ፤ አራት ነው።»

«እንግዲያስ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ እማማ ጽጌ ቀስ ብለው። «ያኔ በሽምግልናው ቤት አለው ወይ ብዬ ስጠይቅዎ አጥርቼ መጠየቅ ነበረብኝ። የታችኛውን አልነበረም፤ የላይኛውን ነው።»

ሂሩት በጣቷ አናቴን መታ መታ አድርጋ አሳየችኝ፣ ምናልባት ካልገባኝ ብላ። ገብቶኛል።

ከወር በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ትንሽ ጥቅል አደረሰልኝ። ውስጡ በእጅ የተሠራ፣ ጆሮ የሚሸፍን፣ ቀይ የሱፍ ኮፍያ ነበር። ቀለሙን ሂሩት ሳትነግራቸው አልቀረችም፤ ልክ የመኪናው ነው። በወረቀት ላይ በእማማ ጽጌ እጅ «ለላይኛው ቤት» ተብሎ ተጽፏል።

አሁን መኪናው ይሄዳል። ሸራው አሁንም ሦስት ቦታ ያፈስሳል። ኮፍያው ግን እስካሁን አላፈሰሰም።