ጉርሻ አይቆጠርም

አንዴ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ራሱ ሐኪም ሆኖ የሚመለስ ሰው የሌለው ቤተ ዘመድ የለም። ጽጌወይንን ደግሞ አድሏት እንዲህ ያለውን ሰው ያገኘችው በባልነት ነው።

ባሏ አቶ ጌቱ በላስ ቬጋሱ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ የመንገደኛ ዊልቸር ይገፋሉ። ሐኪሙ ኮሌስትሮላቸውን አይቶ፣ በሦስት ወር ካልወረደ ግፊያውን እንደሚያስቆማቸው ነገራቸው። ታላቅ ወንድማቸው በልብ ሕመም ያረፉት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጥር ላይ ሃምሳ ሁለት ይደፍናሉ። ጽጌወይን ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። በማግስቱ ግን ቅቤዋን እስከነዕቃው ለጎረቤት ሰጠች።

አቶ ጌቱም ቆረጡ። ጠዋት ከሺፍት በፊት ስኳር ያልነካው አጃ፣ ግማሽ ፖም፣ ሰባት ፍሬ ለውዝ። ስምንተኛዋን ለውዝ እንደ ሰይጣን ይገሥጿታል። «ልብ መለዋወጫ የለውም» ይላሉ። የፓንኬክ ማጣፈጫው ሽሮፕ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንደ ዳንኤል ራእይ ሲተነትኑ ልጃቸው ናርዲ፣ «ዳዲ፣ ፓንኬክ ነው እኮ፣ ክራይም አይደለም» ብላ ተነሣች። ቁማር ልትጫወት የመጣች አንዲት አሮጊት መንገደኛማ፣ ስለ አጃ ጥቅም እስከ በሩ ድረስ ተሰብኮላት፣ በመመለሻዋ ዝም የሚል ገፊ ይሰጠኝ አለች አሉ።

ሦስት ወሩ ሞላ። ኮሌስትሮሉ ከከተማው ዳር ያለውን የሎን ማውንቴን ተራራ ሊያክል ምንም አልቀረው። አቶ ጌቱ የመመርመሪያውን ማሽን ጠረጠሩ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ጨመረላቸው፤ የመጨረሻ ነው አለ።

ጽጌወይን ግን ማሽኑን አልጠረጠረችም። ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ ከጠዋት ጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በሚበላው ቁርስ ላይ ተገኝታ አታውቅም። ሺፍት ቀይራ ሄደች። የክቡርነታቸው የአቶ ጌቱ ሳህን ላይ አንድ ፖም ብቻ አየችና ልቧ አረፈ። ወዲያው ከቤተ ክርስቲያኑ እህቶች አንዷ፣ ብርሃኔ፣ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ በእጇ ይዛ «በሞቴ» አለች። አፋቸውን ከፈቱ። «አንድ ያጣላል» ብላ ደገመቻቸው። ከዚያ ጸዳለ። ከዚያ ኤልፍነሽ። ጽጌወይን እስከ አሥራ አራት ቆጥራ ተወችው። እሳቸው በየጉርሻው መሐል ስለ ቅቤ ጉዳት ያስተምራሉ።

መኪና ውስጥ፣ «አንተ፣ አላፈርክም?» አለቻቸው።

«ምን በላሁ? ሳህኔን አላየሽም?»

«ጨጨብሳውስ?»

«እሱማ ጉርሻ ነው» አሉ፣ በንጹሕ ሕሊና። «የሰጪው ነው እንጂ በእኔ ይቆጠራል እንዴ? የእህት እጅ ይመለሳል?»

ያኔ ነገሩ ገባት። ሰውዬው አልዋሹም፤ የተዘረጋ እጅ መመለስ ብቻ ነው ያቃታቸው።

ሰኞ ጠዋት አጃውን እንደ ገንፎ አጠንክራ ሠራች፣ እጇን ታጠበች፣ «በሞቴ» አለች። አፋቸውን ከፈቱ። «አንድ ያጣላል።» አሁንም ከፈቱ። ከዚያ ለብርሃኔ ደወለች፤ ብርሃኔ ካወቀች ደግሞ ቬጋስ አወቀ። ከቀጣዩ ቅዳሜ ጀምሮ ወደ አቶ ጌቱ አፍ የሚዘረጋው እጅ ሁሉ አጃ የያዘ ሆነ።

በስድስት ሳምንቱ ቁጥሩ ወረደ። አቶ ጌቱ ይህ የብረት ዲሲፕሊናቸው ውጤት መሆኑን ለሐኪሙ በሰፊው አብራሩ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። አጃ እንደ ጨጨብሳ ቶሎ ስለማይዋጥ አፋቸው አላርፍ አለና ትምህርቱ ቆመ፤ አዳራሹም ቅዳሜ ቅዳሜ ጭር አለ። ባለፈው ቅዳሜ ጽጌወይን ዳግም ሺፍት ቀይራ አዳራሹ መጣች፤ የመጀመሪያውን አጉርሳ፣ ሁለተኛውን እንደያዘች እጇን አየር ላይ አቆየችው። ዋጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልብ» ብለው ጀመሩ፣ «መለዋወጫ የለውም።»

እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።