ጥፋቱ መጣፈጡ ነው

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢቸና ውስጥ፣ ጎረቤቴ አቶ ሙላት የጎረሱትን የእንጉዳይ ወጥ ተፉት።

«ሥጋ ነው! ጾሜን አስገደፍሽኝ!» ብለው ምራታቸው ትርንጎ ላይ ጮኹ።

የጾም ምግብ ሲጣፍጣቸው የሚደነግጡ ሰዎች ገጥመዋችሁ አያውቁም? አቶ ሙላት የእነርሱ አለቃ ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ከሦስት ጉርሻ አያልፉም፤ ጾምም አልፈታም ብለዋል። እንጉዳይ ገንቢ ምግብ መሆኑን የምትከታተላቸው ነርስ ብትነግራት፣ ትርንጎ በጤፍ ጭድ ላይ አብቅላ ሠራችላቸው። እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ጥፋቱ መጣፈጡ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ይምጡና ይዩት» ብላ ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው። ከጭዱ የበቀለውን ነጭ እንጉዳይ ጎንበስ ብለው መረመሩት።

«ደም የለውም?»

«ቀንድም የለው!»

ተመልሰው ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ እንጀራ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ።