ብርዝ ለሃሚንግበርድ

በየሰፈሩ፣ በሰው ቤት እንግዳ የሚቀበል አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ሰፈር፣ ባሕር ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ይህን ሹመት የያዙት ጎረቤቴ ክብርት እትዬ ስሂን ናቸው። ማን እንደሾማቸው ግን አላውቅም።

ቧንቧ ሊጠግንልኝ የመጣውን ሰውዬ፣ የእኔን ወጥ ከእኔው ፍሪጅ አውጥተው አጉርሰውታል። ፖስተኛው እንኳን እሳቸውን ተስፋ አድርጎ ደጄ ላይ ሲደርስ ይንቀራፈፋል። እኔ ምንም ባቀርብ አይጥማቸውም። "ይሄም መስተንግዶ ሆኖ ነው?" ይላሉ።

ዘንድሮ ደግሞ በወፌ መጡብኝ። ሃሚንግበርድ የሚሏት፣ የአበባ ወለላ የምትመጥ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ወፍ ጓሮዬ እንድትመጣ ስመኝ ነው የኖርኩት። አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ በጥብጬ መመገቢያ ጠርሙሷን ሰቀልኩ። መጣችልኝ። እትዬ ስሂን በአጥር ላይ አዩን።

"ስኳር በውሃ? ለእንግዳ? ይሄም መስተንግዶ ሆኖ ነው?"

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ጠርሙሱ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ብርዝ ሞልተውበታል፤ ያውም ከጎጃም በሰው እጅ በመጣ ማር።

"እትዬ፣ ማር በዚህ ሙቀት ይሻግታል። ወፏን ይገድልብኛል። ሪሰርች አድርጌያለሁ እኮ።"

"እስቲ ማር የገደለው አንድ ሰው ጥሪልኝ፣ ሂዊ።"

ደፋሁት፤ መልሰው ሞሉት። ጠርሙሱን ባጠብኩ ቁጥር እንጨረጨራለሁ። በመጨረሻ የጓሮዬን በር ቆለፍኩባቸው፤ ሰላምታም ነሳኋቸው። ወፏ ግን ቀረች። በብርዙ ሞታ ይሆን እያልኩ ጠዋት ማታ ጠርሙሷን ሳይ ሰነበትኩ።

አንድ ቅዳሜ ከአጥሩ ማዶ የክንፏን ድምፅ ሰማሁ። የእኔዋ ወፍ፣ እትዬ ስሂን ጓሮ፣ ቀይ አበባ ውስጥ አፏን ሰክታ ትጠጣለች። ከአበባው በላይ ጠርሙስ ተሰቅሏል። ብርዙን ልደፋ እየሮጥኩ ሄድኩ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ኩልል ያለ ነበር።

"አንድ ለአራት ነው" አሉኝ እትዬ ከአበባው አጠገብ ሆነው፣ ሳይዞሩ። "እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ያለችውን ልጄን ጠየቅኳት፤ እውነትሽን ነው። ስኳር ብቻውን ስላሳፈረኝ ግን አበባ ተከልኩላት።"

እንግዳዬን ነጥቀውኛል። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ከአበባው ፊት ሁለት ወንበር አየሁ። እትዬ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው።

"ሁለተኛው የማን ነው?"

"ያንቺ ነዋ። ልትቆጪኝ እንደምትመጪ አውቃለሁ፤ ቆመሽ እንዳትቆጪ ብዬ ነው።"

ንዴቴ ሳይበርድልኝ ተቀመጥኩ። ወፏ ተመልሳ መጣችና ሁለታችንም አየናት። ናፍቀውኝ ነበር፤ እንዲህ ብዬ ግን አልነግራቸውም።

"ደረቅ ወንበር ብቻ?" አልኳቸው። "ይሄም መስተንግዶ ሆኖ ነው?"

ይህን ሲጠብቁ እንደቆዩ ሁሉ ሳህን ሊያመጡ ገቡ።