በጎቹ አንድ በአንድ ሲመርጡ

ትናንት ሕልም አየሁ። በሌሊት አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካችን ሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበሩን ሊመርጥ በተሰበሰበበት አዳራሽ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሊቀመንበር ሆነው የኖሩት ጋሽ ወንዳፍራሽ ሪፖርታቸውን እያነበቡ ገጽ አሥራ አራት ላይ ሲደርሱ ዓይኔ ተከደነ። ዘንድሮ ትርንጎ የምትባል የቀለም ክፍል ሠራተኛ ተወዳድራቸዋለች። የቀለሙ ጢስ ደረቷን እያፈናት «መስኮት ይከፈትልን» እያለች ሦስት ዓመት የጮኸች ሴት ናት። እሷን ልመርጥ ቆርጬ ነበር። ምርጫው በምስጢር ነው ስለተባለ ለሚስቴም አልተናገርኩም።

በሕልሜ የፋብሪካው በር ላይ ደረስኩ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ልዑልሰገድ የምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። የጥበቃ ሠራተኛዋ ኪሳቸውን ገልብጣ ትፈትሻለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ክር ናት እመቤቴ። ኮቴ ላይ ተጣብቃ ነው፤ ልወስዳት ብዬ አይደለም» አሉ።

እኔን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጌታዬ፣ አሥር ደቂቃ አርፍጃለሁና ይቅር ይበሉኝ።»

«ሁለተኛ እንዳይለምድዎት!» አልኳቸው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ግቢው መሀል የምርጫ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። አስመራጮቹ በጎች ናቸው፤ ለብርድ ልብሱ ጸጉራቸውን የምንሸልታቸው በጎች። መራጮቹም በጎች ናቸው። አንዷ ከመጋረጃው ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ አንዷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ሌላዋ ወደ ግራ ትሄዳለች። የሥራ ባልደረቦቼ ግን አጥሩ ሥር ተጨናንቀው ቆመው ባንድ ድምፅ «ባኣ!» ይላሉ።

መነጽር ያደረገች አሮጊት በግ «ስም?» አለችኝ።

«ደምስ።»

«ማንን እንደምትመርጥ አልጠይቅህም። ልትነግረኝ ከፈለግክ ግን ቆይ፣ ጆሮዬን ልድፈን።»

ወረቀቱን ተቀበልኩና ባልደረቦቼ ወዴት እንደሚያጋድሉ ለማየት ዞር አልኩ። በጓ ጠረጴዛውን በሰኮናዋ መታች።

«ሌላውን ምን ታያለህ? ሰው ነህ እንዴ?»

«አዎ» አልኳት።

«ውይ፣ ይቅርታ! ልሰድብህ ብዬ አልነበረም።»

መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። ማንም የለም። የሚያጮልቁበት ቀዳዳ ፈለግኩ፤ የለም። ጫማዬን አውልቄ ሳይቀር ፈተሽኩ። የሚያየኝ ሰው ሲጠፋ የምሠራው ጠፋኝ።

«ማንን ልምረጥ?» ብዬ ጮኽኩ።

«እኛ ምን አውቀንልህ!» አሉ በጎቹ ከውጭ።

ይሄኔ ጋሽ ወንዳፍራሽ በመጋረጃው ሥር በደረታቸው እየተሳቡ ገቡ። ያለቅሳሉ።

«ደምስ ልጄ፣ በሞቴ፣ አትምረጠኝ።»

«ምነው ጋሼ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሁሉም እጁን አነሣልኝ። ከመሀላቸው ማን እንደሚወደኝ አንድም ቀን ሳላውቅ አረጀሁ። እባክህ፣ አንድ ሰው እንኳ ከልቡ እምቢ ይበለኝ!»

ሁለት ጠቦቶች የኮታቸውን ጫፍ በጥርስ ይዘው እየጎተቱ አወጧቸው። «እዚህ ለሁለት አይገባም!» አሉ።

ብቻዬን ቀረሁ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። እስክሪብቶዬን ትርንጎ ከሚለው ስም ጎን አስጠጋሁ። ምልክት ላደርግ ስል አንድ ነገር ክርኔን ወደ ላይ ጎተተኝ።

ነቃሁ። አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆኗል። የእኔም እጅ ተነሥቷል፤ ጎኔ የተቀመጠው ጥጋቡ ክርኔን ይዞ ሰቅሎታል።

«ምን እያደረግክ ነው? በምስጢር አልነበረም እንዴ?»

«ጊዜ ለመቆጠብ በእጅ ይሁን ተባለ» አለኝ በሹክሹክታ። «ዝም በል፤ አቶ ልዑልሰገድ እጁን ያላነሣውን ሰው ስም እየጻፉ ነው።»

የምርጫው ሣጥን መድረኩ ላይ አለ። የውኃ ጠርሙስ ተቀምጦበታል።

እጄን ላወርድ ታገልኩ። በዓይኔም ትርንጎን ፈለግኳት፤ ሁለት ከሆንን ምን ያመጣሉ ብዬ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አገኘኋት። እያሳለች እጇን አንሥታለች፤ ለጋሽ ወንዳፍራሽ።

«በሙሉ ድምፅ!» ተባለ ከመድረኩ።

ጥጋቡ ክርኔን ለቀቀው። እጄ ግን አልወረደም።